አደራ የያዘው ሰው

ሥልጠናው ላይ የተላክሁት ጎበዝ ስለነበርሁ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። በዚያን ጊዜ ፖሊስ ነበርሁ፤ ሰቆጣ ላይ «የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ» የሚባል አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ነበረኝ። የመጣው ደብዳቤ «ሴት ብትሆን ይመረጣል» ይላል፤ ከእኔ ሌላ የነበረችው ሴት ፖሊስ ደግሞ ልትወልድ ወሯ ገብቶ ነበር። ኃላፊያችን ጡረታቸው የደረሰ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና ኮምፒውተር እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። አልችልም አልኋቸው። እሳቸውም እንደማይችሉ ነገሩኝና ሂጂ አሉኝ። ምርጫው በዚህ አለቀ።

ሞባይል ሰቆጣ ከገባ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ሰው ሁሉ መስመር ፍለጋ ዳገት ይወጣና ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ ይጮሃል። ኢንተርኔት ያለው አንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብቻ ነበር፤ እሱም አንድ ቀን መብራት፣ አንድ ቀን መስመር፣ አንድ ቀን ባለቤቱ ራሱ ይጠፋል። እንግዲህ ከዚህ አገር ተነሥቼ ነው በኢንተርኔት ሰው እንዴት እንደሚፈለግ፣ ሰውን እየተከተለ የሚያስጨንቅ ሰው አደጋው እንዴት እንደሚመዘን ልማር ባሕር ዳር የወረድሁት። አውቶብስ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ቄስ ምን ልማር እንደምሄድ ጠየቁኝና ብነግራቸው «እግዚአብሔር ይግለጽልሽ» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አሠልጣኛችን ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ስትናገር ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ቀን ማውሱን እንዳታመልጥ እንደያዟት ዶሮ ጨብጬው ስታየኝ እጇን እጄ ላይ አድርጋ «ቀስ፣ አይሄድም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ወደድኋት። በሦስተኛው ቀን የአንዲት የማናውቃት ልጅ ፎቶ ሰጠችንና የት ሰፈር እንደምትኖር ፈልጉ አለችን። ከልጅቷ ጀርባ የአንድ ሱቅ ጽሑፍ ግማሹ ይታያል። ከእሱ ተነሥቼ፣ እየተደናበርሁ፣ ከምሳ በፊት ሰፈሯን አገኘሁት። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡልኝ እኔ ግን ደንግጬ ነበር። ማውስ እንኳ መያዝ የማላውቀው እኔ ካገኘኋት፣ ማን አያገኛትም?

ሁለት ገጽ የጥያቄ ወረቀትም ሰጠችን። አስፈራርቷል ወይ? የምትሠራበትን ያውቃል ወይ? የምታድርበትንስ? ከተከለከለ በኋላ ይብስበታል ወይስ ይተዋል? «መሣሪያ አለው ወይ?» የሚለው ላይ ስትደርስ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዋግም ከጎንደርም የመጣን ነበርንና። አንዱ ጎንደሬ፣ እኛ አገር የሚጠየቀው የሌለው ነው አላት። እሷም ሳቀች፣ ግን ጥያቄውን አልሰረዘችውም። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ አንጋፋ መርማሪ፣ ሴት ልጅ እንቢ ስትል ደጋግሞ መለመን የወንድ ወግ ነው፣ ይህን ወንጀል ካልነው ግማሹ አባቶቻችን እስር ቤት ይገቡ ነበር ብሎ ተከራከረ። አሠልጣኛችን ስንት ጊዜ ነው ወጉ ብላ ጠየቀችው። ጭንቅላቱን ነቀነቀ እንጂ ቁጥር አልወጣውም። እኔም በልቤ ቁጥሩን ፈልጌ አጣሁት።

የምስክር ወረቀቴን ይዤ ስመለስ ጣቢያው ውስጥ «የኮምፒውተሯ ፖሊስ መጣች» እያሉ ሲቀልዱብኝ ሰነበቱ። ጠረጴዛዬ ላይ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ጽሕፈት ቤቱ በሙሉ የነበረው አንድ ነው፣ እሱንም ጸሐፊዋ በዳንቴል ሸፍናው ነበር። ቢሆንም ኮርቼ ነበር፤ አልዋሽም። የጥያቄ ወረቀቴን በሰላሳ ቅጂ አባዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥሁ። መጀመሪያ የምሞላለትን ሰው መጠበቅ ጀመርሁ፤ የሰው መከራ የሚጠበቅ ነገር ይመስል።

ልጅቷ የመጣችው ከወር በኋላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ አንድ የግብርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት። እናቷ ከሰቆጣ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ወደ ፃግብጂ በሚወስደው መንገድ ያለች ባል የሞተባት ገበሬ ስትሆን፣ ከዚህች ልጅ ሌላ የላትም። ልጅቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አደረገችው። ጣቢያችን ዳገት ላይ ስለሆነ መስመር ይገባዋል፤ ስናወራ ስልኩ ይንጫጫል፣ ጸጥ ይላል፣ ደግሞ ይንጫጫል። «እሱ ነው፣ እትዬ» ትለኛለች በየመሐሉ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

እሱን አውቀዋለሁ፤ የማያውቀው ሰው አልነበረም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ በየወረዳው እየዞረ ከብት ይከትባል። አባ ሰንጋ ገብቶ በሬው የተረፈለት ገበሬ ሁሉ ይመርቀዋል። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፣ ሁለት ጊዜ እንቢ አለችው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ቢሮዋ በር ላይ፣ ማታ ስትወጣ መንገድ ላይ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አይጠፋም። አይነካትም፣ አይሰድባትም፤ ይከተላታል። መልእክቶቹን አንድ በአንድ አነበብሁ። አብዛኛው ልመና ነው። አንዱ ግን «ሌላ ሰው ቢያገባሽ አብረን እንቀበራለን» ይላል።

በዚያ ላይ ደሴ የምትማር ጓደኛዋ፣ ኢንተርኔት ላይ ያወጣሽው ምንድን ነው ብላ ደውላላት ነበር። ልጅቷ ኢንተርኔት በዓይኗ አይታ አታውቅም። የተማርሁትን ልሠራ ደስ እያለኝ ወደ ቆርቆሮው ቤት ሄድሁ፤ መስመሩ እስኪመጣ ግማሽ ቀን ጠበቅሁ፤ ገጹን አገኘሁት። ስሟ፣ ፎቶዋ፣ ከሥሩ እጮኛዋ ተብሎ የእሱ ስም። አሁን ማን እንደከፈተው በረቀቀ ዘዴ ልመረምር ስል የቤቱ ባለቤት ከትከሻዬ በላይ አየና «ይህንንማ የከብት ሐኪሙ ነው የሠራው፣ እዚህ ወንበር ላይ ሁኖ፣ እኔ ነኝ የረዳሁት፤ ለሰርጉ መስሎኝ» አለኝ። የአሥር ቀን ሥልጠናዬ በዚህ ተጠናቀቀ።

ወረቀቱን ሞላሁት፤ አደጋው ከፍተኛ ነው የሚል ውጤት ወጣ። ውጤቱን ለኃላፊዬ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። መዝገብ ይከፈት አሉ፤ ግን የሰውየው ዘመዶች እርቅ ጠይቀዋል፣ የልጅቷ እናትም እሺ ብላለች። እኔ ተቆጣሁ። እሳቸው አልተቆጡኝም፤ ነገ እሱ ቢታሰር ከነገ ወዲያ ይፈታል፣ ያን ጊዜ የሚይዘው መሐላ እንጂ ፖሊስ አይደለም አሉኝ። ይህን ያህል ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ መለስሁት።

እርቁ ደጀ ሰላም ላይ ተደረገ፤ ሁለት ቄሶች፣ አምስት ሽማግሌዎች፣ እኔ ዳር ላይ። ሰውየው አለቀሰ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሱ ከልቡ ነበር የሚያለቅስ፣ የማስመሰል አልነበረም፣ ይህን እመሰክርለታለሁ። መስቀል ስሞ ከእንግዲህ መንገዷ ላይ እንደማይቆም ማለ። ገጹንም በማግስቱ ፊቴ፣ በገዛ እጁ አጠፋው። እናትየዋ ተነሥታ ግንባሩን ሳመችው፤ እርቅ ነውና። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔ ብቻ ቆሜ አሠልጣኛችን ያለችንን አስብ ነበር፤ የሚያለቅስ ሰው ሁሉ ትቷል ማለት አይደለም ትል ነበር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው፤ እኔ ጠረጠርሁ። ከኃላፊዬ ጋር ሆነን ልጅቷ በዝውውር ኒሯቅ እንድትገባ አደረግን። ኒሯቅ አበርገሌ ቆላ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ ሰው ያከስላል፣ መንገዱም መንገድ አይባልም፤ ማን ይከተላታል ብዬ ነው። የስልክ ቁጥሯን አስቀየርሁ። ጓደኞቿ ፎቶዋን ኢንተርኔት ላይ እንዳያወጡ አስጠነቀቅሁ። ያለችበትን የምናውቀው አራት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔ፣ ኃላፊዬ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ሹምና እናትየዋ። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ የሚያውቁት ሰዎች የሚጻፉበት ቦታ አለ። ከእናትየዋ ስም አጠገብ «አስተማማኝ» ብዬ ጻፍሁ። ስጽፈውም ለአፍታ አላመነታሁም።

ሁለት ወር ሰላም ሆነ። ልጅቷ በሳምንት አንድ ቀን ከቢሮ ስልክ ትደውልልኛለች፤ ስለ ሙቀቱ ታማርራለች፣ ትስቃለች። እንደዚያ እንደምትስቅ አላውቅም ነበር። በራሴ ኮርቼ ለአሠልጣኛችን ደብዳቤ ልጽፍላት ሁሉ አስቤያለሁ።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ደወለች። እየሳቀች አልነበረም። «እትዬ፣ እዚህ ነው» አለች። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ ነገረችኝ። ከአምስት ቀን በፊት ከሥራ ስትመለስ የተከራየችበት ቤት እልፍኝ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። ጉልበቱ ላይ በእናቷ ነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ጥቅል አለ፤ በሶና ማር። አከራይዋ እግሩን አስታጥባ ጠላ ቀድታለታለች። የእናት አደራ ተሸክሞ ቆላ የወረደ እንግዳ ነውና ሌላ ምን ታድርግ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ መንገዷ ላይ ነው። ክትባት ሊሰጥ እንደመጣ ይናገራል፣ ክትባቱ ግን ካለቀ ሦስት ቀን ሆኖታል።

ለኃላፊዬ ስነግራቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወዲያው ወደ ኒሯቅ የሚወርድ የጭነት መኪና አስፈለጉልኝ። ሲሸኙኝ «ሴት የላከው ሞት አይፈራም ይባላል፤ አንቺን የላክሁሽ ግን እኔ ነኝና ተጠንቀቂ» አሉኝ። ሊያስቁኝ ነበር፤ መኪናው እስኪነሣ ግን ከደጃፉ አልተንቀሳቀሱም።

ስደርስ ከአከራይዋ ግቢ ፊት ለፊት፣ የክትባት ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አየኝ፣ ተነሣ፣ አጎንብሶ እጅ ነሣኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ያየናል፣ ያዘነውም ለእሱ ነው። አከራይዋ እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው የት ይገኛል አለችኝ፤ በዚያ ፀሐይ የሰው እናት ስንቅ ተሸክሞ መጥቶ አንድ ፍሬ አላጎደለም። ጥቅሉን አየሁት። የእናትየዋ ቋጠሮ እንደታሰረ ነው፤ ልጅቷም አልፈታችውም፣ ግድግዳ ጥግ ላይ አስቀምጣው እየፈራችው ታድራለች።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ። «እርቅ ወርዷል። እናቷ አደራ ሰጥተውኛል። ልጃቸው ካልሆንሁ ምን ነኝ?»

ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። አዘንሁለት። ይህን ስል የሚቆጣኝ ይኖራል፣ ይቆጣ። ሰው እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ሲገባ መውጫው እንደማይታየው አየሁ፤ በየበሩ የሚያልፍበት ምክንያት ያገኛል፣ ሰውም በደግነቱ በሩን ይከፍትለታል። ግን ልጅቷ ከጀርባዬ ሁና፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ትናንት ማታ ያላትን ነገረችኝ። «የትም ብትሄጂ እናትሽ ትልከኛለች» ብሏታል። ያን ጊዜ ሐዘኔ አለቀ። እጁን ያዝሁት። በመጣሁበት መኪና፣ ልጅቷን ከሾፌሩ አጠገብ፣ እሱን ከኋላ ከእኔና ከአንድ ሚሊሻ ጋር አድርጌ ወደ ደጋ ወጣን። አንድ ጊዜ ጭቃ ላይ ስንቆም ወርዶ መኪናዋን ገፋ፣ ከሁላችንም በላይ ገፋ፣ ከዚያ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

በማስፈራራት ተከሰሰ፤ ጥቂት ወራት ተፈረደበት። ከዚያ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ልጅቷን እኔ ቤት አሳድሬ በማግስቱ እናትየዋ ዘንድ በእግሬ ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር፤ እየተናደድሁ ስለሄድሁ ዳገቱ እንኳ አልታወቀኝም። አውድማዋ ላይ ገብስ ስታበራይ ደረስሁ። በኽምጣና፣ በዋግ አገዎች ቋንቋ፣ ነው የምናወራው፤ አማርኛዋ ለገበያ ያህል ብቻ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ፣ እንዴት ለእሱ ይሰጣሉ፣ ከሰው ሁሉ እንዴት ለእሱ ብዬ ጮህሁባት፤ እናቴን በምታህል ሴት ላይ።

መንሹን አስቀመጠች፣ ደንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ። ከዚያ ረጋ ብላ ነገረችኝ። ከእርቁ በኋላ ሰውየው በየሳምንቱ ሊጠይቃት ይመጣ ነበር። በሬዋ ታሞ ሦስት ቀን ከበሬው ጋር ውሎ አድኖላታል። ልጅሽ የት ናት ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃትም። የጠየቀችው እሷ ናት፤ ለክትባት አበርገሌ ትወርዳለህ ወይ አለችው፣ እወርዳለሁ አላት። ስንቅ የሚያደርስላት ሌላ ሰው አልነበራትም፤ ልጇ ቆላ ላይ ምን ትበላለች እያለች ሌሊቱን አትተኛም። ደግሞም የታረቁትን ሰው መጠርጠር እርቁን ማፍረስ ነው፣ ቅጣቱም የሚወርደው በልጄ ላይ ነው ብላ ፈራች።

ይህን ሁሉ ጠብቄው ነበር፤ መልስም ነበረኝ። ቀጥላ ያለችውን ግን አልጠበቅሁም።

«አደራ የያዘ ሰው የአደራውን ባለቤት አይነካም፤ ከነካ ሰው አይባልም» አለችኝ። «ጠባቂ ያደረግሁላት መስሎኝ ነው፣ ልጄ። በእጁ ስንቅ ከሰጠሁት ታስሮ ይቀራል ብዬ።»

ሁለት ገጽ ወረቀቴ ላይ ስለ ስልክ፣ ስለ ፎቶ፣ ስለ ኢንተርኔት ጠይቄ ነበር። ለልጅዎ ስንቅ በማን ይልካሉ ብዬ ግን አልጠየቅኋትም፤ እዚሁ አገር ተወልጄ፣ ለእኔም እናቴ ባሕር ዳር ድረስ ቆሎ በማላውቀው ሰው እጅ ልካልኝ። ይህ ስሕተት የአሠልጣኛችን አይደለም፤ እሷ ከየት ታውቀዋለች? የእኔ ነው። ለእናትየዋም ይህንኑ ነገርኋት። አይ፣ የእኔ ነው አለችኝ። አውድማው ላይ ተቀምጠን በጥፋት ስንሻማ ገብሱን ዶሮ ለቀመው።

ተነሥቼ ዶሮዎቹን አባርሬ ተመለስሁ። ልጠይቃት የመጣሁት አንድ ነገር ነበር፤ አፌ እንቢ አለኝ። እናት ፊት የሚባል ነገር አይደለም። እሷ ቀደመችኝ።

«አሁን ስትወስጃት የት እንደሆነ ለእኔ አትንገሪኝ» አለች። «መዋሸት አልችልበትም። ሰው ከጠየቀኝ እመልሳለሁ፤ የሚሄድ ካገኘሁም እልካለሁ። አውቀዋለሁ ራሴን።»

እሺ አልኋት። እንደ ሹም ሳይሆን እንደ ልጅ ተንሰቅስቄ አለቀስሁ፤ ያጽናናችኝ እሷ ናት። ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ሄደች። የት እንደሄደች ዛሬም አልጽፍም። እናቷን ሳትሰናበት ነው የሄደችው፤ ብትሰናበት ይነገራታልና።

ከዚያ ወዲያ እናትየዋ በገበያ ቀን ሁሉ ወደ ሰቆጣ ስትመጣ በጣቢያው በር ታልፋለች። አትገባም። እኔ እወጣለሁ። «ደህና ናት?» ትለኛለች። «ደህና ናት» እላታለሁ። ሌላ ቃል የለም። ትሄዳለች።

ሰው ግን ዝም አይልም። ልጅሽ የት ናት ሲሏት አላውቅም ትላለች። እናት የልጇን አገር አላውቅም ስትል ሰው ምን ያስብ? ዐረብ አገር ሄዳ ጠፍታለች አሉ፣ ከሾፌር ጋር ኮብልላለች አሉ፣ በመጨረሻም ሞታለች፣ እናትየዋ መርዶውን ደብቃው ነው አሉ። አንድ ቀን ሴቶች ተሰብስበው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊያስተዛዝኗት መጡ። ተቀብላ አስቀመጠቻቸው፣ ጠላ ቀዳችላቸው፣ ሲያለቅሱ ተቀምጣ አየቻቸው። ደህና ናት ብትል ከየት ሰማሽ ይሏታል። ስለዚህ ዝም ብላ ዋጠችው። ይህን የነገረችኝ ራሷ አይደለችም፤ ከሴቶቹ አንዷ፣ ልበ ደንዳና ናት ብላ ስታማልኝ ነው የሰማሁት። ያችን ሴት እንዴት በጥፊ እንዳላልኋት አላውቅም።

ሰውየው ከእስር ወጣ። ሥራውን አጥቶ ነበር፤ ሰው ግን አልጠላውም፣ በየቤቱ ከብት ያክማል። እሑድ እሑድ እናትየዋን ደጀ ሰላም ላይ ይጠብቃታል፣ ጉልበቷን ይስማል። እርቅ ነውና አትከለክለውም። መጠንቀቄን አልተውሁም፤ በየወሩ ወረቀቱን አውጥቼ እሞላዋለሁ። ውጤቱ አልወረደም።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ልጅቷ ደወለችልኝ። አግብታ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። አሁን ወልዳለች። ድምጿ ደክሞ ነበር፣ ግን ትስቅ ነበር። እማማን ንገሪልኝ አለችኝ፤ ያለሁበትን ሳይሆን ይህን ብቻ ንገሪልኝ። ምን ችግር አለው አልሁ በልቤ። አገር አልጠቀስሁ፣ ከተማ አልጠቀስሁ። የገበያው ቀን እስኪደርስ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እኔው የወለድሁ ይመስል።

እናትየዋ በጣቢያው በር ስትመጣ ከሩቅ አየኋት። ሮጬ ወጣሁ። ኩንታል አውርዶ እንደሚስቅ ሰው ነበር የምስቀው፤ ገና አፌን ስከፍት፣ «የምሥራች» ከማለቴ፣ ሸካራ እጇን አምጥታ አፌ ላይ ጫነችው።

ዓይኗ ሞላ። ገብቷታል። እናት ናት፣ የፖሊስ ጥርስ እንዲህ የሚገለጥበት ሌላ የምሥራች ምን አለ? እጇን ግን አላነሣችም።

«አትጨምሪ» አለችኝ። «እሑድ ይጠብቀኛል። ምንም አይጠይቀኝም፤ ፊቴን ብቻ ነው የሚያይ። ወንድ ይሁን ሴት፣ ምን እንደሚመስል ካወቅሁ ደስታው ፊቴ ላይ ይወጣል። ደስታ ካየ ፍለጋ ይነሣል።»

በእኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልልታ ነው፤ የሴት አያት እልልታ ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። እጇን ከአፌ ላይ ቀስ አድርጋ አወረደችና ጉንጬን ዳሰሰችኝ።

«ቤትሽ ገብተሽ በርሽን ዘግተሽ በእኔ ፈንታ እልል በዪላት» አለችኝ። «ስንት ጊዜ እንዳልሽ ግን አትንገሪኝ።»

ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፤ ጠረገችና፣ እኔ እያየሁ፣ ደስታውን ከፊቷ ላይ አጠፋችው። «ደህና ናት?» አለችኝ እንደ ሁልጊዜው። «ደህና ናት» አልኋት። ወደ ገበያው ወረደች።

ኃላፊዬን አስፈቅጄ ቤቴ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱንም ዘጋሁ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቆምሁ። ሰባት ጊዜ እልል አልሁ። ጎረቤቴ ሰምታ በሩን አንኳኳችና ማን ወለደ ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልኋት።